ገጽ ሦስት እንደገና ይታይ

ጅቡቲ ውስጥ ውል በመመርመር የሚወዳደረኝ ሰው አልተወለደም፤ ቢወለድም ገና ጥርስ አላወጣም። የቴክኖሎጂ ድርጅታችን እንደ ቦካ ሊጥ ኩፍ ብሎ ሠራተኛው ወንበር ላይ በፈረቃ ሲቀመጥ፣ ያለ እኔ ይሁንታ አንድም ውል አይፈረምም ነበር። ግንባሬን አኮማትሬ «ገጽ ሦስት እንደገና ይታይ» እላለሁ። ጠበቆቹ ደንግጠው ያያሉ፤ ይገርማችኋል፣ ሁልጊዜ አንድ ስህተት አያጡም!

ታዲያ ሥራ አስኪያጃችን ውል የሚያስተዳድር ሶፍትዌር ገዙ። የእኔ ግንባር መኮማተር ለሶፍትዌር ምኑ ነው? «አስተያየትዎን ይጻፉ» ብሎ ድርቅ አለ። የመጣው ሆዳን ሰፈር ልንከራየው የጓጓንለት ሰፊ ቢሮ ውል ነው፤ ዛሬ ካልተፈረመ አከራዩ ለሌላ ሊሰጠው ነው። እኔም የለመድኩትን ጻፍኩ። ሶፍትዌሩ ለሠራተኛው ሁሉ በተነው።

ጠበቃችን ፋጡማ እየሮጠች መጣች።

«ጋሼ፣ ውሉ እኮ ሁለት ገጽ ብቻ ነው!»

«ታዲያ ሦስተኛውን ማን ወሰደው?» አልኩ ተቆጥቼ።

ሥራ አስኪያጁ ፈገግ አሉ። «ግድ የለም፣ ያሉትን ሁለቱን ያንብቡልን።»

አየር ማቀዝቀዣው ሥር ቆሜ ላብ አጠመቀኝ። «ፋጡማ ታንብብ፤ ድምጿ ያምራል» አልኩ። አነበበች፤ ቢሮውንም ተከራየን።

ውሎቻችን በሙሉ የሚጻፉት በፈረንሳይኛ ነው። እኔ ከፈረንሳይኛ የማውቀው «ቦንዡር»ን ብቻ ነው።