ጋሽ ታደሰ የተረጎሙት ካርቱን

ፈረንሳይኛ በቅጡ ሳይሰማ የጃፓን ካርቱን ወደ አማርኛ የሚተረጉም ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ውጭ አገር፣ ፈረንሳይኛ በሚነገርበት ለ ሊኞን በተባለ ሰፈር የሚኖሩት ጎረቤቴ፣ ጡረተኛው ጋሽ ታደሰ እንዲህ ናቸው። የልጅ ልጃቸው ሊያ ወደ ፈረንሳይኛ የተመለሰውን የድብድብ ካርቱን ስትከፍት፣ እሳቸው ድምፁን ያጠፉና የሁሉንም ንግግር ራሳቸው ይናገራሉ። በእሳቸው ትርጉም ማንም ቡጢ የሚሰነዝረው አባቱን ጠርቶ ከፎከረ በኋላ ነው። ሊያ አማርኛ የለመደችው በዚህ ነው፤ የትኛው አስተማሪ ይህን ቻለ?

አንድ ቅዳሜ አብሬያቸው ሳይ፣ የጀግናው መምህር ተመትቶ ወደቀ። ሊያ ድምፁን ለቀቀችና ሰማች።

"አያቴ፣ ሩቅ አገር ሄደ ነው የሚሉት።"

"ለውጭ አገር ልጆች ብለው አለሳልሰውት ነው" አሉ ጋሽ ታደሰ። "ሰውየው ሞቷል።"

ሊያ ወደ አያቷ ዞረች። "እማማ አዲስ አበባ ሄደች ያላችሁኝስ? እሷም ሞታ ነው?"

እማማ ያለቻቸው ሴት አያቷ፣ የጋሽ ታደሰ ባለቤት፣ እዚያው አዲስ አበባ ካረፉ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ለልጅቷ እንዳይነገር ቤተሰቡ ተስማምቶ ነበር። ወሬ ልቀይር አፌን ስከፍት፣ ጋሽ ታደሰ በእጃቸው ከለከሉኝ።

"አዎ ልጄ፣ ሞታለች። እንዳታለቅሺ ብለን ደበቅንሽ።"

ሊያ ደረታቸው ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ እሳቸውም አብረዋት አለቀሱ። እኔም ተነስቼ፣ "እግዚአብሔር ያጽናሽ" አልኳት።

"አሜን" አለችኝ፣ እንደ ትልቅ ሰው።