የዶን ቴኦፊሎ የቆጣሪ ፈተና

(ኢስታፓላፓ፣ ሜክሲኮ ከተማ። ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። በዚህ ሰፈር የቧንቧ ውሃ ቅዳሜ ብቻ፣ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይመጣል፤ ያመለጠው ሳምንቱን እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። ነገ የዶን ቴኦፊሎ የልጅ ልጅ ክርስትና ነው፤ አርባ እንግዳ ተጠርቷል። አያትየው ግን የግማሽ ቀን የውሃ ቁጠባ ሥልጠና ወስደዋልና ኖኅን ቢያገኙት ስለ ውሃ ያስተምሩታል። ቆጣሪው ፊት ወንበር ላይ ተሰይመዋል። የሚስታቸው ወንድም ናቦር ራሱን እያከከ ቆሟል። ቀርፋፋ ነው ይባላል፤ የሚሉትም ዶን ቴኦፊሎ ናቸው።)

ቴኦፊሎ፦ ሁሉም ማለት ሁሉም ነው! ምኑ ነው ያልገባህ?

ናቦር፦ የታንከሩም ይዘጋ?

ቴኦፊሎ፦ የታንከሩንማ ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ከትቻለሁ! ቧንቧ ሁሉ ይዘጋል፣ ለሁለት ሰዓት ያህል ቆጣሪው ይታያል። ከተንቀሳቀሰ ቤቱ ውስጥ የሚያፈስ ነገር አለ ማለት ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ!

ናቦር፦ ታዲያ ውሃው ሲመጣ በየት በኩል ይገባል?

ቴኦፊሎ፦ ይኸውልህ! ሰው ስለ ቁጠባ ሲያስብ እሱ ስለ መቅዳት ያስባል። ለመሆኑ ሻወሩ እስኪሞቅ የሚወርደውን ቀዝቃዛ ውሃ ምን ታደርገዋለህ?

ናቦር፦ በባልዲ እይዘዋለሁ። ልብስ እናጥብበታለን፤ በእጣቢው ወለሉ ይታጠባል፤ የተረፈው ሽንት ቤት ይደፋል።

ቴኦፊሎ፦ (ደንገጥ ብለው) ማን አስተማረህ?

ናቦር፦ ማጣት።

ቴኦፊሎ፦ ያለ ምስክር ወረቀት አይቆጠርም!

ናቦር፦ እርስዎ ሻወር ውስጥ ሲዘፍኑ የሚፈሰውስ?

ቴኦፊሎ፦ እሱ ከሥልጠናው በፊት ነው።

ናቦር፦ ሥልጠናው መቼ ነበር?

ቴኦፊሎ፦ ሐሙስ።

ናቦር፦ የዘፈኑት እኮ ትናንት ነው።

ቴኦፊሎ፦ አታድርቀኝ!

ናቦር፦ እሺ። ቤቴ ደርሼ የኔን ታንከር ልክፈት?

ቴኦፊሎ፦ ሂድ፣ ክፈት! መሃይም ምን ያደርጋል፣ መሙላት ብቻ!

(ናቦር ወጣ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ላቡ ጠብ ጠብ እያለ ተመለሰ።)

ቴኦፊሎ፦ አንዲት ቧንቧ ለመክፈት ይሄ ሁሉ ላብ? ላብም ውሃ ነው፣ ቆጥብ!

ናቦር፦ የጎረቤቶቹ ታንከር እየሞላ ነው። ድምፁ ይሰማል።

ቴኦፊሎ፦ ይሙላላቸው! እነሱ መች ሠለጠኑ?

(ናቦር ወደ ማድ ቤት ገብቶ ትልቁን የሞሌ ወጥ ድስት ተሸክሞ ወጣ።)

ቴኦፊሎ፦ (ዓይናቸውን ከቆጣሪው ሳይነቅሉ) ድስቱን ወዴት ነው?

ናቦር፦ እህቴ ሬሜዲዮስ አዝዛኝ ነው።

ቴኦፊሎ፦ ውሰድ፣ ውሰድ። እዚህ ያልቀረ ድስት የማጠቢያ ውሃ አይፈጅም። ሚስቴም ገብቷታል ማለት ነው!

(ስድስት ሰዓት ከአምስት። ዶን ቴኦፊሎ ከወንበራቸው ዘለው ተነሡ።)

ቴኦፊሎ፦ ንቅንቅ አላለም! ቤቴ አያፈስም! እንካ ቁልፉን፣ አሁን ታንከሩን ሙላ!

(ናቦር ከፈተ። ቧንቧው አንዴ አስነጠሰና ዝም አለ።)

ናቦር፦ ስድስት ሰዓት አልፏል። ውሃው ሄዷል።

ቴኦፊሎ፦ (ወንበራቸው ላይ ዘፍ ብለው) ወይኔ ጉዴ! ታንከሩ ባዶ ነው! አርባ ሰው ጠርቼ... የልጅ ልጄን ክርስትና አበላሸሁ። አንተ ድንጋይ፣ ዝም ብለህ ታየኛለህ?

ናቦር፦ አይዞዎት። ድግሱ እኔ ቤት ሆኗል። ድስቱም፣ ወንበሩም፣ እናትና ሕፃኗም እዚያ ናቸው። የመሃይሙ ታንከር ሞልቷል።

ቴኦፊሎ፦ ሁሉም ያውቃል? ታዲያ ለእኔስ ቢነገረኝ?

ናቦር፦ ልነግርዎት ነበር፤ እህቴ ከለከለችኝ።

ቴኦፊሎ፦ ምን ብላ?

ናቦር፦ «ተወው፣ ይቀመጥ። በዚህ ቤት ሠላሳ ዓመት ሲያፈስ የኖረው ዛሬ ገና ለሁለት ሰዓት ቆመልኝ» ብላ።