የማይሸኝ ቤት

እኛ አገር እውነተኛው ጨዋታ የሚጀምረው እንግዳው ተነሥቶ "በሉ ደህና ዋሉ" ካለ በኋላ ነው። ሳሎን ቁጭ ብሎ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ዝናቡ ያወራ ሰው የልቡን የሚያወጣው በር ላይ ቆሞ ነው፤ የልጁን ትዳር መናጋት፣ የሐኪሙን ቃል፣ ሁሉንም። ከበር እስከ አጥር፣ ከአጥር እስከ አስፋልት "በቃ ተመለሺ"፣ "ትንሽ ልሸኝህ" እየተባባሉ መሄድ ነው። ከወንበሩ ሳይነሣ እንግዳ የሚያሰናብት ቢያንስ ቢያንስ ባለጌ ነው።

እንግዲህ እወቁልኝ፤ እኔ ሠላሳ ዓመት ባለጌ ሆኜ ኖሬአለሁ።

ባለቤቴን ግርማን ሳላገባው፣ እናቱን ልተዋወቅ ሄድኩ። እማማ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ስመው ተቀበሉኝ፣ እስኪበቃኝ አጎረሱኝ። "ልሂድ" ብዬ ስነሣ ግን ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ጓዳ ገቡ። ግርማም ንቅንቅ አላለም። ብቻዬን ወጥቼ ጋሪ ላይ አለቀስኩ። እናቴ "ለዚህ ኩራተኛ ቤት ልጄን አልሰጥም!" ብላ ፎከረች። ሰጠች።

ምክንያቱን የሰማሁት ከሠርጉ በኋላ ነው። በደርግ ጊዜ ሁለት ሰዎች መጥተው የግርማን አባት "ለአንድ ጥያቄ ነው፣ አሁን ይመለሳሉ" ብለው ጠሯቸው። እማማ እስከ አጥሩ በር ሸኟቸው፤ የኮታቸውንም ኮሌታ አቃኑላቸው። አልተመለሱም። ሬሳ የለ፣ ለቅሶ የለ፣ የሚከሰስ የለ። ሰው ጥፋተኛ ሲያጣ ራሱን ይይዛል፤ እማማም መሸኘታቸውን ያዙ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ማንም ማንንም አይሸኝም፤ የሚሄደውም ዞሮ አያይም።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። እባቡን ያዩት እማማ ብቻ ናቸው፤ በልጡ የምንበረግገው ግን ሦስት ትውልድ ሆንን። ግርማ መምህር ነበር፤ በአጉል እምነት ይስቃል። ልጃችንን ማርታን ግን ገና በዳዴዋ "በር ላይ አትቁሚ" አላት። አያቷ በደርግ ጊዜ መጥፋታቸውን እንጂ የአጥሩን በር ነገር አልነገራትም። ያልተነገረ ነገር ደግሞ ከተነገረው ይበልጥ ይወረሳል።

አምና ግርማን ደረቱን አመመው። ጠዋት ማርታ ደግፋው ለምርመራ ሲወጡ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ምስር እለቅም ነበር። "ለምሳ እደርሳለሁ" አለኝ። "እሺ" አልኩ፣ ለምስሩ። ከቀትር በኋላ ሐኪም ቤት አረፈ። ለካ ያልተሸኘም ላይመለስ ይችላል። ፊቱን ሳላየው ቀረሁ።

ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ማርታ አርባ ምንጭ ሥራ አግኝታ ወደ መናኸሪያ ልትሄድ ሻንጣዋን ስትጎትት፣ ነጠላዬን ደርቤ ተከተልኳት።

"እማዬ፣ ግቢ!"

"እስከ አጥሩ ነው።"

"ግቢ አልኩሽ! ምን ልታመጪብኝ ነው?"

"ምን አመጣብሻለሁ?"

"እኔ እንጃ! ግቢ ብቻ!"

የሃያ ስድስት ዓመት ሴት፣ ዲግሪ ያላት፣ በሻንጣዋ መንገድ ዘጋችብኝ። የምትፈራውን እንኳ አታውቀውም። እዚያው አጥሩ በር ላይ ይዣት ከሁለቱ ሰዎች ጀምሬ ነገርኳት። ሊወስዳት የመጣው ሸበቶ የባጃጅ ሹፌር ሞተሩን አጥፍቶ አብሮ ያዳምጣል።

"አባዬን ያልሸኘሽው ለዚህ ነው?" አለች።

"ለዚህ ነው።"

"እኔ እኮ ያን ቀን እንኳ ከወንበርሽ አለመነሣትሽን ዓመት ሙሉ ቂም ይዤብሽ ነበር።"

መልሴን ሳትጠብቅ አቅፋኝ ቆየች። ሹፌሩ ነው ያላቀቀን።

"እትዬ፣ አውቶቡሱ ያመልጣታል፤ የቀረውን በስልክ ይጨርሱት!"

ባጃጁ ሄደ። ማርታ አልዞረችም፤ ሃያ ስድስት ዓመት የተማረ አንገት በአንድ ጠዋት አይዞርም። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ግን እጇን በባጃጁ ጎን አውጥታ አወዛወዘች። እኔ ለነገሩ አዲስ ነኝ፤ የሚሸኝ ሰው እስከ መቼ ቆሞ እንደሚያይ አላውቅም። ጎረቤቴ ወጥታ "ምን ጠፍቶሽ ነው?" እስክትለኝ ድረስ እዚያው ቆሜ ነበር።