ሟች ያልተገኘለት ለቅሶ

በእኛ አገር በእግር መሄድ ነውር ሆኖ አያውቅም። ነውሩ ያለ ጉዳይ መሄድ ነው። ገበያ የሚወጣ፣ ደብር የሚሳለም፣ የጠፋ በሬ የሚፈልግ ሰው ቀኑን ሙሉ ቢጓዝ ማንም ዘወር ብሎ አያየውም። ትልቅ ሰው፣ ያውም ባለ ደመወዝና ባለ ቦርጭ፣ ዝም ብሎ ሄዶ ዝም ብሎ ሲመለስ የታየ እንደ ሆነ ግን ሰፈሩ ይጨነቃል። «ምን አጥቶ ነው?» ይላል። እናንተም ብትሆኑ ትሉ ነበር፤ እኔም ብያለሁ።

በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር ውስጥ የአንድ ፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበርሁ። ጧት ሰርቪስ ከደጄ ያነሳኛል፤ ማታ እደጄ ያራግፈኛል። በመካከሉ ያለውን ሰዓት እቀመጣለሁ። ከተማው በሙሉ ብስክሌት ሲጋልብ እኔ ወንበር እጋልብ ነበር። ቦርጬንም፣ እውነቱን ለመናገር፣ እንደ ማዕረግ ነበር የማየው። ሃምሳ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ ግን ስድስት ደረጃ በወጣሁ ቁጥር ልቤ እንደ ከበሮ ይመታ ጀመር። እሱስ ይሁን። የባሰው ጭንቅላቴ ነው። ቁልፉን በእጄ ይዤ ሠራተኛውን ሁሉ ቁልፍ ሳስፈልግ እውላለሁ፤ ልጄን በእህቴ ስም እጠራለሁ። እናቴ በመጨረሻ ዘመኗ «አንተ የማን ልጅ ነህ?» ብላ ጠይቃኝ ነበርና ፈራሁ። ከሞት ይልቅ ይህን ፈራሁ።

ሐኪም ዘንድ ሄድሁ። ሐኪሙ ወጣት ነው። ደረቴን አዳምጦ፣ ግፊቴን ለክቶ፣ ልብና አንጎል በአንድ ደም የሚተዳደሩ ጎረቤታሞች መሆናቸውን፣ አንዱ ሲሰንፍ ሌላው እንደሚጎዳ አስረዳኝ። ከዚያም በየጧቱ ግማሽ ሰዓት፣ ሳልቆም፣ ፈጠን ብዬ እንድራመድ አዘዘኝ። መርፌውስ? አልሁት። ለጊዜው አያስፈልግዎትም አለ። እንክብልስ? እሱም ይቆይ አለ። ሳይወጉት የተመለሰ ሰው መታከሙን በምን ያውቃል? ቅር እያለኝ ወጣሁ።

በማግሥቱ ወደ ዓባይ ድልድይ አቅጣጫ ተነሣሁ። እዚህ ላይ ሐኪሙ ያልተማረው ነገር መጣ። እሱ «ሳይቆሙ» ብሏል፤ የእኛ ሰላምታ ደግሞ ቆሞ ነው። እንዴት አደርህ፣ ልጆች እንዴት ናቸው፣ ከብቱስ፣ አዝመራውስ። ከብት የለኝም፤ ግን ይጠየቃል። ቀጥሎ «ወዴት ነው በጧት?» ይመጣል። «የትም» ብል ይቀየመኛል፤ «ለጤናዬ» ብል፣ ታመምህ እንዴ ብሎ ሊሸኘኝ አብሮኝ ይዞራል፤ ያውም በዝግታ። ድልድዩን የሚጠብቀው ወታደር ደግሞ ያለ ጉዳይ የሚመላለስ ሰው አይወድም፤ በዚያ ዘመን በጧት የሚፈጥን ሰው ወይ ፈላጊ ነው ወይ ተፈላጊ። በግማሽ ሰዓት አራተኛው ቤት ደረስሁ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ብዬ ልተወው ምንም አልቀረኝም።

በሳምንቱ ዓባይ ማዶ የእውነት ለቅሶ ገጠመኝ። ነጠላዬን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቄ፣ አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። ማንም አላስቆመኝም። ሰው ከሩቅ ጎንበስ ብሎ መንገድ ይለቅልኛል፤ ወታደሩም በእጁ እለፍ አለኝ። አንዴም ሳልቆም ተሻገርሁ፤ ላቤ ጠብ ጠብ አለ። ከዚያ ጧት ጀምሮ በየቀኑ ነጠላዬን እያዘቀዘቅሁ ዓባይ ማዶ ደርሼ እመለስ ጀመር። ዋሽቻለሁ አልልም፤ ከአፌ አንድ ቃል አልወጣም። የዋሸው ነጠላዬ ነው። ሁለት ወር ሳይሞላ ደረጃውን ሳላርፍ ወጣሁ፤ ልጄንም በስሟ ጠራኋት፤ የዚያን ቀን ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም።

ግን ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል። ለካ ሰፈሩ ይከታተለኝ ኖሯል። አያሌው ዘመዱ አልቆበት በየቀኑ ብቻውን ያለቅሳል፣ እኛ የእድሩ ሰዎች ቁጭ ብለን እናያለን፣ ነውር ነው ተባለ። የሰው ለቅሶ ያልደረሰ ለእሱስ ማን ይደርስለታል? አንድ ጧት ታዲያ መንገዱን አጋምሼ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ዘወር ብል እድራችን በሙሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይከተለኛል። አብዛኛው የእኔ እኩያና ከእኔም የባሰ ቦርጫም ነው። እኔ አፍሬ ፈጠንሁ፤ እነሱም የለቅሶው ቤት ቀርቧል ብለው ፈጠኑ። ማዶ ስንደርስ የምገባበት ቤት አጣሁና ቆምሁ።

ሁሉም ጉልበቱን ይዞ ያለከልካል። ያላለከለኩት የእድራችን ዳኛ መሪጌታ ፈንታ ብቻ ናቸው፤ ሰማንያ አልፏቸው ማሕሌት ቆመው የሚያድሩ፣ ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው የሚያደርሱ ሰው።

«አያሌው፣ ማን ነው የሞተብህ?» አሉኝ።

«እስካሁን ማንም አልሞተ፣ መሪጌታ» አልሁ። «እኔ እንዳልሞት ነው የምሄደው።»

ከዚያ የሐኪሙን ነገር ሁሉ ነገርኋቸው። አንድም ሰው አልሳቀም። እሳቸው በየአጥሩ ሥር የተቀመጡትን እድርተኞች አንድ በአንድ አዩና፣ «ለቅሶስ ነበረ» አሉ። «በቁማቸው ለሞቱት ነው የመጣነው።»

እሑድ ሊቀጡኝ ተሰበሰቡ። ቅጣቴም በየጧቱ እድርተኛውን ይዤ መውጣት ሆነ፤ ነጠላው እንደ ተዘቀዘቀ። ያለ ቀበሌ ጥያቄ ያን ያህል ሰው በአንድነት የሚሄደው ለለቅሶ ብቻ ነበርና። አራት ዓመት እንዲህ ሄድን። የእድሩ ድንኳን ከመጋዘን ብዙም ስላልወጣ አይጥ በላው።

በአራተኛው ዓመት መሪጌታ ዓባይ ማዶ ልጃቸው ቤት አረፉ፤ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ስማችንን አንድም አልሳቱም። እንደ ልማዳችን ነጠላችንን አዘቅዝቀን ወጣን። መንገደኛው ሁሉ ግን እየሳቀ አስቆመን። አንዱ «ዛሬስ ረፈደባችሁ» ይላል፤ ተረኛው ወታደር «በርቱ» ይለናል። የእውነት ስናለቅስ የሚያምነን ጠፋ። ድልድዩ ጫፍ ላይ አንድ የማውቀው ሰው ብስክሌቱን አቁሞ ፊቴን አየና፣ «ዛሬስ በደንብ አልቦሃል» አለኝ።

«አዎ» አልሁት፤ ሳልቆም።