ዳይሬክተሩ ከመጋረጃው ውጭ

ሰርግ ደግሶ እሷን ያላየ የለም። ሙሽሮች የሚጋቡት ለራሳቸውም ለወላጆቻቸውም ሳይሆን ለካሜራ ነው ብላ ከልቧ የምታምን ቪዲዮ ቀራጭ በየከተማው አትጠፋም። ኬኩን ሦስት ጊዜ ታስቆርጣለች። የሙሽራዋን አክስት «ቅድም ያለቀሱት ጥሩ ነበር፤ ግን ጀርባዎን ሰጡኝ» ብላ ዳግመኛ ታስለቅሳለች። ዓይኗን በጨው ያጠበች ናት። አማቶች ይረግሟታል፤ ካሴቱ የደረሳቸው ቀን ግን ምርቃቱ አያልቅም።

የሐርጌሳዋ ጣይባ ትባላለች። ክብርት ፊታውራሪ ጣይባ ብትባልም አይበዛባትም። ጦርነቱ አልፎ፣ ሰው ከስደት ካምፕ እየተመለሰ በጥይት በተበሳሳ ግድግዳ ላይ ቆርቆሮ መምታት ሲጀምር፣ አንድ ካሜራና አንድ ሻንጣ ይዛ ከድሬዳዋ መጣች። በዚያ ከተማ የሴቶቹ ድግስ ላይ ወንድ ድርሽ አይልም። ስለዚህ የሴቶቹ ወገን በሙሉ የጣይባ ግዛት ሆነ።

አንዴ ጋአን ሊባህ ሰፈር በነበረ ሰርግ፣ ጦርነቱ የለያያቸው ሁለት እህትማማቾች ከአሥር ዓመት በኋላ በሩ ላይ ተገናኙ። ተቃቅፈው ሲንሰቀሰቁ ቤቱ አብሮ አለቀሰ። ጣይባ ካሜራዋን ዝቅ አደረገችና «እንደገና!» አለች። «አንቺ ከውጭ ግቢ። አንቺ ደግሞ ቶሎ አትወቂያት፤ ትንሽ ተጠራጠሪ።» ጫማ ይወረወራል ተብሎ ተፈራ። እህትማማቾቹ ግን እሺ ብለው ወጥተው ገቡ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጥ አንጀት በላ። በመጀመሪያው ደንግጠው ነበር፣ መገናኘታቸው የገባቸው በሁለተኛው ነው።

ከኋላዋ መብራት ይዛ የምትቆመው ጸደንያ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት። ሥራዋ መብራት መያዝ ይሁን እንጂ ዋና ሙያዋ መፍራት ነበር። ጄኔሬተሩ ይጠፋል ብላ ትፈራለች። አምፖሉ ይፈነዳል፣ አማትየዋ ትቆጣለች፣ ፖሊስ ወረቀት ይጠይቃል ብላ ትፈራለች። የምትኖረው ሼክ ኑር ሰፈር በሚገኘው የጣይባ ቤት፣ አንዷ ክፍል ውስጥ ነው። ጣይባ እንጀራዋን ካጣች ጸደንያ ሥራም ቤትም ታጣለች ማለት ነው።

«እትዬ፣ በሰው አገር ዝም ማለት ይሻላል። ዝም አይነቅዝም» ትላታለች በየቀኑ።

«ፍርሃት ደሞዝ ቢኖረው እኮ ይሄኔ ሀብታም ነበርሽ አቦ!» ትላለች ጣይባ።

አዲስ የተከፈተ የቴሌቪዥን ጣቢያ ባለ ስድስት ክፍል ድራማ ሊሠራ ሲነሳ ጣይባን ለካሜራ ጠራት። ታሪኩ ከስደት ተመልሳ የጠፋ ልጇን ስለምትጠብቅ እናት ነው፤ ከዳር እስከ ዳር የሚያልቀው የሴቶች ክፍል ውስጥ ነው። ዳይሬክተሩ ከለንደን የተመለሰው ዳሂር ነበር፤ ኮፍያውም ወንበሩም የዳይሬክተር ነው። ችግሩ የተዋናዮቹ ቤተሰቦች ያቀረቡት ቅድመ ሁኔታ ነበር። ሴቶቹ በቴሌቪዥን ይታዩ፣ ባዕድ ወንድ ግን እነሱ ያሉበት ክፍል አይግባ አሉ። ከተማው በሙሉ ያያቸዋል፤ የማያያቸው ዳይሬክተሩ ብቻ ነው።

ዳሂር ክፉ ሰው ስላልነበረ እሺ ብሎ ወንበሩን ከበሩ መጋረጃ ውጭ አስቀመጠ። ከዚያ ሆኖ «አክሽን!» ይላል። ትንሽ ቆይቶ «እንዴት ነው?» ይላል። «ማሻአላህ!» ትለዋለች ጣይባ፣ ገና ምንም ሳትቀርጽ።

እናት ሆና የምትጫወተው ሳዶ፣ የልጇን ሞት ስትሰማ ጮኸች፣ ደረቷን ደቃች። ጣይባ አልወደደችውም። አጠገቧ በርከክ ብላ «አትጩኺ እህቴ» አለቻት። «መርዶው ሲመጣ የልጅሽን ሸሚዝ እያጠፍሽ ነው። ማጠፍሽን አታቋርጪ።» ሳዶ አጠፈች። እጅጌውን ሰበሰበች፣ አንገትጌውን አስተካከለች፣ ዘረጋችና መልሳ አጠፈች። ጸደንያ መብራቱ እንዳይንቀጠቀጥባት አንድ ክንዷን በሌላው እጇ ያዘች።

«ድምፅ የለም እኮ፤ ጀመራችሁ እንዴ?» አለ ዳሂር ከውጭ።

ስድስቱም ክፍል ተቀርጾ አለቀ። የፕሮግራም ማናጀሩ አብዱልሃሚድ ሁሉንም ቢሮው ሰብስቦ በስክሪን የሚወጣውን የስም ዝርዝር አነበበ። ዳይሬክተር፣ ዳሂር። ጣይባ፣ የሴቶች ክፍል ረዳት።

«ዳሂር የመራው መጋረጃውን ነው» አለች ጣይባ። «ድራማውን የመራሁት እኔ ነኝ። ዳይሬክተር ብላችሁ ጻፉኝ።»

አብዱልሃሚድ አልተቆጣም፤ እንደ ታናሽ እህት መከራት። «ጣይባ፣ ሴት ዳይሬክተር ሲባል የት ሰምተሻል? ስፖንሰሩ ምን ይለናል? ደግሞ እንግዳ ነሽ። ካልተስማማሽ ለሚቀጥለው ድራማ ሌላ ሴት እንፈልጋለን።»

እውነቱን ነው፤ የትም አልተሰማም። በድራማ ሴት ታለቅሳለች፣ ትዳራለች፣ ትሞታለች፤ «አልቅሺ» የሚላት ግን ሁልጊዜ ወንድ ነው። ዳሂር ኮፍያውን አውልቆ ውስጡን ይመረምር ጀመር። ጸደንያ የጣይባን ቀሚስ ከኋላ ሳብ አደረገች። ጣይባም ዝም አለች።

ጸደንያ ስትመኘው የኖረችው ዝምታ ይኸው መጣ። ሐሙስ በነበረው ሰርግ ኬኩ አንድ ጊዜ ብቻ ተቆረጠ። የሙሽራዋ አክስት ጀርባዋን ሰጥታ አለቀሰች፤ ጣይባ ምንም ሳትል ቀረጸቻት። ጸደንያ «ደክሞሽ ነው እትዬ?» ብትላት «ረዳት ምን አገባው» አለቻት። ጸደንያ እዚህ ከተማ ከገባችበት ጊዜ ጀምሮ እንደዚያ ቀን ፈርታ አታውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ያለቀውን የድራማውን ካሴት ጣቢያው ድረስ የወሰደችው ጸደንያ ናት። በድራማው መጨረሻ ስም የሚያስገባው ዒዲል፣ በጥሬው ካሴት ላይ የጣይባን ትእዛዝ በጆሮው የሰማ ሰው ስለሆነ እውነቱን ያውቃል፤ የሚጽፈው ግን የታዘዘውን ነው።

«አብዱልሃሚድ ልኮኝ ነው» አለችው በተሰባበረ ሶማሊኛዋ። «ዳይሬክተር በሚለው ላይ ጣይባ ይሁን ብሏል።»

ዒዲል ፊቱ ያለውን የስም ዝርዝር አየ። ከዚያ በሩን ደጋግማ የምታየዋን ጸደንያን አየ። «ፈርሞ አልሰጠሽም?»

«ቸኩሎ ነው።»

ዒዲል አገጩን አከከ። «ቸኩሎ ከሆነማ» አለና መጻፍ ጀመረ።

የዚያኑ ዕለት አመሻሽ ላይ የመጀመሪያው ክፍል ተላለፈ። የጣይባ ቤት በጎረቤት ሴቶች ተሞልቶ ነበር፤ ሳዶም መጥታለች። ጸደንያ ትራስ አቅፋ ጥግ ላይ ተኰራምታ ነበር። ድራማው አለቀና ስሞቹ ይወጡ ጀመር። ዳይሬክተር፣ ጣይባ። ሳዶ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ሌሎቹም ተከተሏት።

ጣይባ እልል አላለችም። ስክሪኑ ላይ ስሟ ከጠፋም በኋላ ዓይኗን ከዚያ አልነቀለችም። በመጨረሻ ዞር አለች።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ወላሂ፣ ነገ ያባርሩናል!»

«አውቃለሁ።»

ጣይባ በሻርፗ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችና ጠጋ አለቻት። «ስሚኝ ልጄ። ነገ ሲጠሩን አንቺ ትንፍሽ እንዳትይ። ያስጻፍኩት እኔ ነኝ እላለሁ።»

ጸደንያ ትራሱን አስቀመጠች። ተነሳች።

«አይሆንም እትዬ» አለች። «ይህንን የሠራሁት እኔ ነኝ። በእኔ ስም ይጻፍ።»