ሴራ የሌለበት ተውኔት

ሰቆጣ ከሴራ የዳነችው በአቶ መልሰው ንቃት ነው። ይህን የሚክድ ቢኖር ውለታ ቢስ ነው።

አቶ መልሰው ስሙን ባልጠራው የሚሻል የአንድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነበሩ። አንድ ጠዋት ምክትላቸውን አስማረን አስከትለው ትምህርት ቤታችንን ሊጎበኙ መጡ። መምህርት ሰገነት ስለ አንድ ንጉሥ ውድቀት የተጻፈ አሳዛኝ ተውኔት እያስተማረች ነበር። ሰሌዳው ላይ በትልቁ «የሴራው አወቃቀር» ይላል።

«የማን ሴራ ነው?» አሉ አቶ መልሰው።

«የተውኔቱ ነዋ። ድርጊቱ አንዱ ከአንዱ እየተያያዘ የሚሄድበት መንገድ ሴራ ይባላል።»

«ስንት ሰው ያውቀዋል?»

«ክፍሉ በሙሉ። ፈተና ላይም ይመጣል።»

አቶ መልሰው ላባቸውን ጠረጉ። «ንጉሡንስ ማነው የገደለው?»

«ጉልበቱን ሲስም የኖረው አማካሪው።»

«ይኼ ስም ማጥፋት ነው» አለ አስማረ፣ ከአለቃው ኮት ላይ የጠመኔ ብናኝ እያራገፈ። «ጉልበት የሚስም ሰው እንዴት ይገድላል?»

ወዲያው ስብሰባ ተጠራ። «የተማረ ይግደለኝ» ያሉት አበው ቢታደሙት ኖሮ ምኞታቸው እዚያው በደረሰ። «ሴራ» የሚለው ቃል ቀርቶ «የሥራ ቅደም ተከተል» እንዲባል፣ «ግጭት» በ«ገንቢ አስተያየት» እንዲተካ፣ ንጉሡም መገደሉ ቀርቶ በምስጋና እንዲሸኝ ተወሰነ። አስማረ እጁ እስኪቀላ አጨበጨበ፤ እኛም ተከተልነው።

ሰገነት «አሻፈረኝ ካልሽ ፃግብጂ ወረዳ ትዛወሪያለሽ» ተባለች። የፃግብጂ ሕዝብ ምን አጥፍቶ መቀጫ እንደተደረገ አልተብራራም። ባሏ እዚሁ ሰቆጣ ነርስ ነው፤ ጡት ያልጣለች ልጅም አለቻቸው። ሰሌዳውን አጠፋች።

ብዙም ሳይቆይ አቶ መልሰው «ስለ ላቀ አስተዋጽኦዎ» ተብለው፣ ጋቢ ለብሰው፣ በጭብጨባ ተሸኙ። የተሸኙት ወደ ፃግብጂ ነው። የሽኝቱን ንግግር ያደረገው ወንበራቸውን የወረሰው አስማረ ሲሆን፣ መሐል ላይ ሳግ ይዞት ውኃ ጠጥቷል።

በማግስቱ አቶ መልሰው መናኸሪያ ከሰገነት ጋር ተገናኙ።

«ልጄ፣ መቼም አንቺ ታውቂዋለሽ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ይኼ ሴራ ነው በይልኝ።»

ሰገነት ግራና ቀኟን አየች።

«ይቅር ይበሉኝ ጌታዬ፣ ልጅ አለችኝ» አለች። «የሥራ ቅደም ተከተል ነው።»