ክቡር ሥጋት ቁልፍ ይቀየር አሉ

ሥጋተኛ የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። ሰው ሰብሰብ ብሎ ሲስቅ «ቆይ ግን» ብሎ የሚገባ አንድ ሰው አይጠፋም። የአንድ ሆስፒታል ሥጋተኛ ጡረታ የቀረባቸው የኮምፒውተር ባለሙያ ናቸው፤ ሠራተኛው «ክቡር ሥጋት» ይላቸዋል።

ክቡርነታቸው የሚፈሩት ሌባም እሳትም አይደለም፤ ገና ተሠርቶ ያላለቀ ማሽን ነው። የታካሚዎች መረጃ በኢንተርኔት ሲላክ የሚቆለፍበትን ስሌት የዛሬ ኮምፒውተር ዕድሜ ልኩን ቢታገል አይፈታውም። ኳንተም የሚባለው ኮምፒውተር ጎልምሶ የመጣ ቀን ግን በአጭር ጊዜ ሊፈታው ይችላል ይላሉ። መቼ ነው የሚመጣው ሲሏቸው፣ «ቆይ ግን፣ እኔንም የሚያስፈራኝ አለማወቄ ነው» ይላሉ። ሻይ ክበብ ሲገቡ አጠገባቸው ያለው ወንበር ባዶ ይሆናል።

አንድ ጊዜ ለግዢ ክፍል «ቁልፋችን አስተማማኝ ስላልሆነ በአስቸኳይ ይቀየርልን» ብለው ጻፉ። በሳምንቱ ሦስት ጓጉንቸር ከነመክፈቻው ተላከላቸው። ፈርመው ተረከቡና ሌላ ደብዳቤ ጻፉ።

በዚህ ነገር ከሁሉም አብልጣ የሳቀችው የካርድ ክፍሏ ኃላፊ ናት። እሷም ብትሆን የምትፈራው ነገር አላት። ከምትጠብቃቸው ካርዶች አንዱ የዘጠኝ ዓመት ልጇ ካርድ ነው፤ ልጅቷን እሷ እንዳልወለደቻት እዚያ ተጽፏል። ልጅቷ ይህን ከእሷ ከራሷ አፍ እንጂ ከሌላ እንድትሰማው አትፈልግም። ዛሬ ነገ እያለች ግን ዓመታት አልፈዋል።

የካርዶቹ መረጃ ሁሉ በኢንተርኔት ወደ ዋናው ማከማቻ ይላክ ተባለ። ክቡር ሥጋት ይላክ በሚለው ወረቀት ላይ አልፈርምም አሉ። ሥራዋ ስለቆመባት ልትቆጣቸው ወደ ክፍላቸው ወረደች።

«ጋሼ፣ ቢሰርቁትስ ተቆልፎ አይደል? ምን ሊያደርግላቸው?»

«ያስቀምጡታላ፣ መክፈቻው እስኪመጣ። እስቲ አንድ ነገር ንገሪኝ፤ እዚያ ውስጥ ያለው ምስጢር ስንት ዓመት መቆየት አለበት?»

«እኔ እስክነግራት» የሚል ቃል ከአፏ አመለጣት። ከዚያ ወዲያ ማቆም አልቻለችም፤ ለማንም ያላወራችውን ዘረገፈችላቸው። ክቡርነታቸው ወንበር ሳቡላት። ያን ማሽን ይቋቋማል የተባለ አዲስ አቆላለፍ እንዳለ፣ እስኪገባ ድረስ መላኩን ማዘግየት እንደሚቻል አስረዷት። መላኩ ይዘግይ ብለው በጻፉት ደብዳቤ ላይ እሷም ከፊርማቸው ሥር ፈረመች።

ስትወጣ፣ «ቁልፉን እኛ እንቀይረዋለን። መንገሩን ግን አታቆዪው፣ ልጄ» አሏት።

ቅዳሜ ጠዋት የልጇን ፀጉር እየሠራች ነገረቻት።  ልጅቷ እናቷን ዞራ ሳታይ፣ «ሌላ ማን ያውቃል?» ብላ ጠየቀች።

«አንድ ሥጋተኛ ሽማግሌ። እሳቸው ደግሞ ለማንም አይናገሩም።»